የመጋጠሚያው ሥራ

ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። አናቱ ላይ ሦስት ትናንሽ የግብዓት ሣጥኖች ተሰልፈዋል። አንዱ የክሮሞዞም ስም፣ አንዱ መነሻ ቦታ፣ አንዱ መድረሻ ቦታ ይቀበላል። ከሦስቱም የሚወርዱት መስመሮች አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በታች መስመሮቹ ይለያያሉ፤ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ እንደገና ይለያያሉ። ግርጌው ላይ የውጤት ሣጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሥራ ይሠራል። እያንዳንዱ መስመር ከአንዱ የወጣውን ለሌላው ያቀብላል።

ይህ በታቬርና የተሠራ የሥራ ፍሰት ነው። ታቬርና እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረውና የማንችስተር ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ኬሮል ጎብል ከመሩት የማይግሪድ ፕሮጀክት የወጣ ሶፍትዌር ነው። የባዮሎጂ መሣሪያዎችና የመረጃ ቋቶች በየአገሩ፣ በየተቋሙ ሰርቨር ላይ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ሰው በብራውዘር ከሚያየው ገጽ ሌላ ለፕሮግራም የሚሆን መግቢያ አላቸው። ዌብ ሰርቪስ የሚባለው እሱ ነው፤ ፕሮግራም በዚያ ጥያቄ ያስገባል፣ በዚያው መልስ ይቀበላል። ታቬርና እያንዳንዱን መግቢያ በሣጥን ወከለው። ማያያዙን ለተመራማሪው ተወለት።

የምንመለከተውን የሥራ ፍሰት የሠሩት ፖል ፊሸርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ኑክሌይክ አሲድስ ሪሰርች በተባለው መጽሔት በ2007 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በእሱ ነው። ጉዳዩ ለአገራችን ከብት አርቢ እንግዳ አይደለም፤ ገንዲ ነው። የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው፣ ከብቱን እያከሳ የሚገድለው በሽታ። ሁሉም ከብት ግን እኩል አይሸነፍለትም። የምዕራብ አፍሪካው ንዳማ ይቋቋመዋል። ከእኛም የደቡብ ምዕራቡ የሸኮ ከብት በዚሁ ይታወቃል። ቦረን ይጠቃል። ልዩነቱ ከዘር ይወረሳል፤ ስለዚህ የሆነ የዘረመል ክፍል ውስጥ መኖር አለበት።

ፊሸር ፍለጋውን የጀመሩት ከአይጥ ነው። በአይጥም ዘንድ ልዩነቱ አለ። ሲ57ብላክ6 የሚባለው የአይጥ ዘር የትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንስን ጥገኛ ረዘም ላለ ጊዜ ይቋቋማል፤ ኤ/ጄ እና ባልብ/ሲ የሚባሉት ቀድመው ይሞታሉ። እነዚህን በማዳቀል፣ ብርታቱ ከየትኞቹ የክሮሞዞም ክልሎች ጋር አብሮ እንደሚወረስ አስቀድሞ ተለክቶ ነበር። አንዱ ክልል ቲር1 ይባላል፤ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ክልሉ ታወቀ እንጂ ጂኑ አልታወቀም። በአንድ ክልል ውስጥ ብዙ ጂኖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቀድሞው ልማድ ተመራማሪው ዝርዝሩን በዓይኑ እያየ የሚያውቃቸውን ስሞች መምረጥ ነበር። የማያውቀው ጂን ሳይመረመር ይቀራል። የሥራ ፍሰቱ የተሠራው ይህን መምረጥ ለማስቀረት ነው። በክልሉ ያለው ሁሉ ይገባል፤ ሁሉም በአንድ መንገድ ያልፋል።

የላይኛው ሰፊ ሣጥን ባዮማርት ነው፤ የኢንሴምብል የዘረመል ቋት መጠየቂያ። ሦስቱን ግብዓቶች ይቀበላል፣ በመካከላቸው ያሉትን ጂኖች ይመልሳል። የሚመልሰው ሰንጠረዥ ነው። በአንድ ዓምድ የኢንሴምብል መለያ፣ በሌላው የዩኒፕሮት፣ በሌላው የአሜሪካው ኤንሲቢአይ መለያ አለ። አንድ ጂን ሦስት መታወቂያ ይዟል ማለት ነው። የሥዕሉን ቅርጽ የወሰነው ይህ ነው።

መታወቂያዎቹን በየተራ ማየት ይጠቅማል። የኢንሴምብሉ ረጅም ነው። መጀመሪያ ኢ፣ ኤን፣ ኤስ የሚሉ ሦስት ፊደሎች ይመጣሉ፤ ኢንሴምብል ማለት ነው። ቀጥለው ኤም፣ ዩ፣ ኤስ፤ አይጥ። ከዚያ አንዲት ጂ፤ ጂን መሆኑን ትናገራለች። በመጨረሻ 11 አኃዝ። ቁጥሩ አጭር ቢሆንም እንኳ በፊቱ በዜሮ ይሞላል፤ ስለዚህ የሁሉም ርዝመት እኩል ነው። ይህን መለያ ብቻውን መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘው ሰው የማን እንደሆነ፣ የምን እንስሳ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያነባል። ጥሩ የመለያ አሠራር ይህ ነው። የዩኒፕሮቱ አጭር ነው። ዳክስ የተባለው የአይጥ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ኦ35613 ይባላል፤ ስድስት ምልክት፣ ፊደል መጀመሪያ። የኤንሲቢአዩ ደግሞ ባዶ ቁጥር ነው፤ ለዚያው ጂን 13163። ከቤቱ ሲወጣ ምንነቱን የሚናገር ነገር የለውም። የሰው ጂንም፣ የስልክ ቁጥርም፣ ዋጋም ሊሆን ይችላል።

ከባዮማርት በታች ያለው ዋና አገልግሎት ጃፓን ውስጥ ነው፤ ኬግ። ኬግ ጂኖች በሕዋስ ውስጥ እንዴት ተያይዘው እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ካርታዎችን የያዘ ቋት ነው። የራሱ መታወቂያ አለው። 13163ን አይቀበልም። እሱ የሚያውቀው ኤምኤምዩ:13163 የሚለውን ነው፤ ሦስቱ ፊደላት የአይጥን ሳይንሳዊ ስም ያሳጥራሉ። ቁጥሩ ያው ነው። የጎደለው ቅጥያው ብቻ ነው። ሆኖም ያለ ቅጥያው አገልግሎቱ ዝም ይላል፤ ወይም ባዶ ይመልሳል።

ስለዚህ በሁለቱ መካከል ትናንሽ ሣጥኖች አሉ። አናጢ በር ሲገጥም በመቃኑና በግድግዳው መካከል የሚያስገባትን ሽብልቅ ያህል ናቸው፤ ከሩቅ አይታዩም፣ ያለ እነሱ ግን ምንም አይቆምም። የመጀመሪያዋ ከሰንጠረዡ አንዱን ዓምድ ትወስዳለች። ሁለተኛዋ ባዶ ረድፎችን ትጥላለች፤ ሁሉም ጂን በየቋቱ መለያ አለው ማለት አይደለምና። ሦስተኛዋ የተደጋገሙትን ታስወግዳለች። መደጋገሙ ስሕተት አይደለም። አንድ ጂን በተለያየ መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ ከአንድ በላይ ፕሮቲንም ሊሰጥ ይችላል፤ ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሲሰጥ የጂኑ ስም ይደጋገማል። አራተኛዋ በየቁጥሩ ፊት «ኤንሲቢአይ-ጂንአይዲ:» የሚል ቅጥያ ትለጥፋለች። አሁን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይናገራል። የኬግ መለያ ቀያሪ ይቀበለዋል፤ ኤምኤምዩ:13163 አድርጎ ይመልሰዋል። የዩኒፕሮቱም መስመር በጎን በኩል በራሱ ሽብልቆች ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ከታች ይገናኛሉ፤ እዚያም እንደገና የተደጋገመው ይወገዳል። ሁለት መንገድ የተሠራው በአንዱ የጠፋ ጂን በሌላው እንዲገኝ ነው።

ታቬርና ሣጥኖቹን በቀለም ይለያቸዋል። ከሩቅ ሰርቨር የሚጠሩት በአብዛኛው አረንጓዴ ናቸው። ተመራማሪው በጥቂት መስመር ጃቫ መሰል ኮድ የሚጽፋቸው ፈዛዛ ቡና ዓይነት ናቸው። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት ዝግጁ ማስተካከያዎች ወይን ጠጅ፣ የማይለወጡ ጽሑፎች ሰማያዊ የነካው ግራጫ። ከራቅ ብሎ ሲታይ አረንጓዴው ጥቂት ነው። ቡናውና ወይን ጠጁ ይበዛሉ። ሳይንሱ በአረንጓዴዎቹ ውስጥ ነው፤ የእጅ ሥራው በቀሩት ውስጥ ነው። በጽሑፉ የሚመሰገኑት አረንጓዴዎቹ ናቸው። እኔ ግን ሠሪውን የማየው በቡናዎቹ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የማየው ግን አንዲት መስመር ነው፤ ወደ ኬግ የካርታ ፍለጋ የምትገባዋን። ያ አገልግሎት የጂን ዝርዝር ይቀበላል፣ የካርታ ዝርዝር ይመልሳል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ዝርዝር አለን፣ ዝርዝር ይፈልጋል፣ እንስጠው። የአገልግሎቱን መግለጫ በጥንቃቄ ያነበበ ግን ያቆማል። አገልግሎቱ የሚመልሰው በዝርዝሩ ያሉትን ጂኖች ሁሉ በአንድነት የያዙ ካርታዎችን ነው። መቶ ጂን ቢሰጡት መቶውንም የያዘ ካርታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ካርታ የለም። ባዶ ይመልሳል። ስሕተት አይልም፤ ምክንያቱም ስሕተት የለም። ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል።

ስለዚህ ጂኖቹ አንድ በአንድ መግባት አለባቸው፤ እያንዳንዱ ግን አሁንም በዝርዝር መልክ፣ አንድ አባል ብቻ ባለው ዝርዝር። ከመግቢያው በፊት ያለችው ሣጥን ይህን ታደርጋለች። ረጅሙን ዝርዝር ትበትናለች፤ እያንዳንዱን ጂን በራሱ አጭር ዝርዝር ውስጥ ታስቀምጣለች። ውጤቱ የዝርዝሮች ዝርዝር ነው። ቀሪውን ታቬርና ራሱ ይሠራዋል።

እዚህ ላይ የታቬርና ንድፍ ይታያል። ለሣጥን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ሆኖ የመጣለት ዝርዝር ከሆነ፣ ታቬርና ሣጥኑን ለእያንዳንዱ አባል ደጋግሞ ይጠራዋል። ሠሪው ድግግሞሽ አይጽፍም። ሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት አይጨመርም። ዝርዝር የሚጠብቅ ሣጥን የዝርዝሮች ዝርዝር ሲመጣለትም እንደዚያው፤ አንዱን ዝርዝር ይወስዳል፣ ይጨርሳል፣ ቀጣዩን ይወስዳል። መልሱም በተጠየቀበት ቅደም ተከተል ይደረደራል። ሦስተኛው መልስ የሦስተኛው ጂን ነው። ለአንድ ጂን የተሠራው ሥዕል አንድም መስመር ሳይለወጥ ለመቶ ጂን ይሠራል።

ሁለት ዝርዝር ወደ አንድ ሣጥን ሲገባ ግን ውሳኔ ያስፈልጋል። በአንዱ መግቢያ 4 ነገር፣ በሌላው 4 ነገር ቢመጣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ይጣመር ወይስ አንደኛው ከአንደኛው ጋር ብቻ? በመጀመሪያው 16 ጥሪ ይሆናል፤ በሁለተኛው 4። ታቬርና ካልተነገረው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ጂንን ከራሱ መግለጫ ጋር ማገናኘት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥፋት ነው፤ የአንዱ ስም ከሌላው መግለጫ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ሣጥኑ ላይ በትንሽ ቅንብር ይስተካከላል። ቅንብሩ በሥዕሉ ላይ አይታይም። የሌላ ሰው የሥራ ፍሰት ሳነብ ቀድሜ የምከፍተው እሱን ነው።

ከግርጌው የወጣው ይህ ነበር። በቲር1 ክልል ካሉት ጂኖች መካከል ካርታዎቹ ዳክስን እንደ አንድ እጩ አመለከቱ። የጂኑ ቅደም ተከተል በሚቋቋሙትና በሚሸነፉት አይጦች እንደገና ተነበበ። በሚሸነፉት ዘንድ አንድ አሚኖ አሲድ ጎድሎ ተገኘ፤ የጎደለውም ፒ53 ከተባለው ፕሮቲን ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው። የሥራ ፍሰቱ ይህን አላረጋገጠም፤ የት መታየት እንዳለበት ነገረ። ያነበበው ላቦራቶሪው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ሊነገር ይገባል። በዚያው በማንችስተር ጅራፍ መሰል የአንጀት ትልን በአይጥ ላይ የምታጠና ሌላ ተመራማሪ ይህንኑ የሥራ ፍሰት ወሰደች። ምንም አልለወጠችም። ግብዓቱ ላይ የራሷን ክልል አስገባች። በእጅ ፍለጋ ሁለት ዓመት ሠርታ ያላገኘችውን መንገድ አገኘች። በገንዲ ምክንያት የተጻፈ ነገር ስለ ገንዲ አንድም ቃል በውስጡ አልነበረውምና ይህ ሊሆን ቻለ። በሽታው በሙሉ በግብዓቱ ውስጥ ነበር። ከአይጥ ወደ ከብት መሸጋገርም በመሠረቱ የስያሜ ጉዳይ ነው፤ በኢንሴምብል ኤም-ዩ-ኤስ የነበረው ቢ-ቲ-ኤ ይሆናል፣ በኬግ ኤም-ኤም-ዩ የነበረውም እንዲሁ ቢ-ቲ-ኤ። በከብቱ በኩል የተሠራው ጥናት በ2011 ታትሟል፤ ንዳማና ቦረን ጎን ለጎን የታዩበት ነው፤ ፊሸርም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። ቲካም1 እና አርጋፕ15 የተባሉ ሁለት ጂኖችን በእጩነት አቅርቧል። ቦረን መነሻው የእኛው ቦረና ነው።

እስካሁን አረንጓዴውን ሣጥን ሳንከፍተው አልፈናል። ሲከፈት ውስጡ መጠበቅ አለ።

ለዚህ የሚሆነው ምሳሌ ሂንክስተን ነው። ከካምብሪጅ በስተ ደቡብ ባለችው በዚህች የእንግሊዝ መንደር የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ኢንስቲትዩት ይገኛል። መሣሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ክላስታል ኦሜጋ፣ ብላስት፣ ኢንተርፕሮስካን። ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት መግቢያ ይጠራሉ። የመግቢያው አድራሻዎች ስድስት ናቸው። አንዱን መሣሪያ መጥራት የቻለ ሁሉንም መጥራት ይችላል፤ በአድራሻው መሐል የመሣሪያው ስም ብቻ ይቀየራል።

የመጀመሪያው አድራሻ መሣሪያው የሚቀበላቸውን ቅንብሮች ስም ይዘረዝራል። ሁለተኛው የአንዱን ቅንብር ዝርዝር ይሰጣል፤ ምን እንደሆነ፣ የትኞቹን ዋጋዎች እንደሚቀበል፣ ካልተነገረው የትኛውን እንደሚወስድ። መሣሪያው ስለ ራሱ ይመሰክራል ማለት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ሌላ ሰነድ ሳያገላብጥ ከራሱ ከአገልግሎቱ ጠይቆ ቅጽ ሊሠራ ይችላል። ቅንብር ቢጨመር ቅጹም አብሮ ይጨምራል።

ሦስተኛው ሥራውን ያስገባል። ቅደም ተከተሉ፣ ቅንብሮቹና የኢሜይል አድራሻ ይላካሉ። የሚመለሰው ውጤቱ አይደለም፤ የሥራ መለያ ነው፤ አንድ መስመር ጽሑፍ። በመጀመሪያ የመሣሪያው ስም አለ። ቀጥሎ አንዲት ፊደል፤ አር ከሆነች ሥራው በሬስት፣ ማለትም በፕሮግራሞች በኩል መጣ፤ አይ ከሆነች ሰው በቅጽ አስገባው። ቀጥሎ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ከዚያ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሴኮንድ። ከዚያ ተጨማሪ ቁጥሮች። ክፍሎቹ በአጭር ሰረዝ ተለያይተዋል። የት፣ በማን በኩል፣ መቼ የሚለው በአንድ መስመር ተጽፏል። በዝርዝር ሲደረደሩ ቀኖቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ፤ ዓመት ከወር፣ ወር ከቀን በፊት ስለተጻፈ።

አራተኛው አድራሻ የሥራውን ሁኔታ ይናገራል። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ተራ እየጠበቀ ነው፣ እየሠራ ነው፣ ጨርሷል። ሌሎቹ ሦስት ቃላት የክፉ ቀን ናቸው። እነሱን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ «ፌይለር» ይላል፤ ሥራው ከሽፏል። ሌላው «ኢረር» ይላል፤ ሁኔታውን ለማየት ስሞክር ችግር ገጠመኝ ማለቱ ነው። የመጨረሻው ሥራው አይገኝም ይላል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ሥራው ከከሸፈ መጠበቅ ከንቱ ነው። ጠያቂው ካልተሳካለት ግን ሥራው በሰላም እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጠየቅ ይገባል። አንዱን ቃል ለሁለቱም መጠቀም ይቻል ነበር። ብዙ አገልግሎቶች እንዲያ ያደርጋሉ። እዚህ የለዩት ሰዎች የተጠቃሚውን ቀጣይ እርምጃ አስበዋል።

አምስተኛው የተጠናቀቀው ሥራ ምን ምን ዓይነት ውጤት እንዳለው ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱም የፋይል ቅጥያውን ጭምር ይነግራል፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ምን ብሎ እንደሚሰይም እንዳይገምት። ስድስተኛው ውጤቱን ያወርዳል።

የክላስታል ኦሜጋ ውጤት ሲወርድ የሚታየው ጥንታዊ መልክ ነው። ክላስታል በ1988 ደብሊን ላይ የተጀመረ ቤተሰብ ነው፤ ኦሜጋ በ2011 መጣ፤ የውጤቱ አጻጻፍ ግን የድሮው ነው። በግራ ስሞች፤ በቀኝ በየመስመሩ 60 ፊደል፤ ክፍተት ያለበት ላይ ሰረዝ። ከሥር አንድ የምልክት መስመር። ኮከብ ካለ ሁሉም ፕሮቲኖች በዚያ ቦታ አንድ ናቸው። ሁለት ነጥብ ካለ በጠባያቸው በጣም ይቀራረባሉ። አንድ ነጥብ ካለ በመጠኑ። ምንም ከሌለ ተለያይተዋል። ያለ ቀለም፣ ያለ ሥዕል፣ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይነበባል። ዓምዱን ተከትሎ ዓይን ሲወርድ አንድ አሚኖ አሲድ በአንዱ ዘር ጎድሎ ሰረዝ ብቻ መቆሙ ወዲያው ይታያል። ዳክስ ውስጥ የተገኘውን ዓይነት ጉድለት እንዲህ ማየት ይቻላል።

ቤተዝዳ፣ ሜሪላንድ ያለው ኤንሲቢአይ ሌላ ብልሃት አለው። ኢ-ዩቲሊቲስ በተባሉት አገልግሎቶቹ ፍለጋ አንድ ነው፣ ማውረድ ሌላ። ፍለጋው ዐሥር ሺህ መለያ ቢያገኝ እነዚያን ወደ ጠያቂው ልኮ፣ ጠያቂው መልሶ እንዲልካቸው ማድረግ ይቻላል። ዐሥር ሺህ ቁጥር ደርሶ መልስ። ሌላው መንገድ ታሪኬን አስቀምጥልኝ ማለት ነው። ሰርቨሩ ዝርዝሩን እዚያው ያኖራል፤ የሚልከው አንድ ረጅም የአካባቢ ስምና አንድ ትንሽ ቁጥር ብቻ ነው። ማውረጃው እነዚህን ሁለቱን ያሳያል፤ ከስንተኛው ጀምሮ ስንት እንደሚፈልግ ይናገራል። ዝርዝሩ ከቤቱ አልወጣም። የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭን ለሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጠቅላላውም የዌብ ሰርቪስ ጥቅም ለእኛ እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ፤ 300 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን 300 ፊደል ነው፣ ከአጭር ኢሜይል አይበልጥም፤ እሱን ልኮ በጊጋባይት የሚቆጠር ቋት እዚያው ሂንክስተን ማስፈተሽ ይቻላል።

ወደ ፊሸር የሥራ ፍሰት ስንመለስ፣ የኬግ መግቢያ የተሠራው ሶፕ በሚባለው የቀድሞ የመልእክት ሥርዓት ነበር። በ2012 መጨረሻ ያ መግቢያ ተዘጋ፤ በሬስት ተተካ። በዓለም ዙሪያ በእሱ ላይ የተመሠረቱ የሥራ ፍሰቶች ሁሉ በአንድ ቀን ቆሙ። በዚያው ዓመት ማንችስተር ካሉት ሰዎች ጭምር የወጣ አንድ ጥናት ማይኤክስፐሪመንት ከተባለው የጋራ ማከማቻ 92 የታቬርና የሥራ ፍሰቶችን ወስዶ ሞከረ። 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ወይ አልሠሩም ወይ የቀድሞውን ውጤት አልሰጡም። ትልቁ ምክንያት የሩቁ አገልግሎት መቀየር ወይም መጥፋት ነበር። የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው መርምረው እንዲህ ያለ ቁጥር ማውጣታቸውን አከብራለሁ። ታቬርና በ2014 ወደ አፓቺ ፋውንዴሽን ገባ፤ በ2020 ጡረታ ወጣ። ዛሬ ብዙው ሥራ በጋላክሲ፣ በስኔክሜክና በኔክስትፍሎው ይሠራል፤ መሣሪያው ራሱ ታሽጎ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ይመጣል፤ የሩቁ በር ቢዘጋም ይሠራል።

ይህ ግን የፊሸርን ሥራ ዋጋ አያሳጣም። ፍሰቱ የቆመው በመጋጠሚያው ደካማነት አይደለም። አረንጓዴዎቹ ሲጠፉ ቡናዎቹ ሣጥኖች ደኅና ናቸው፤ አሁንም ተከፍተው ይነበባሉ። ባዶውን የምትጥለው፣ የተደጋገመውን የምታስወግደው፣ ቅጥያ የምትለጥፈው፣ ዝርዝሩን የምትበትነው፤ እያንዳንዷ ለምን እንዳስፈለገች ከቦታዋ ይታወቃል። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እነዚያኑ ችግሮች በዚያው ቅደም ተከተል ያገኛቸዋል። ኢንሴምብል አሁንም በረጅሙ መለያ፣ ኤንሲቢአይ አሁንም በባዶ ቁጥር፣ ኬግ አሁንም በሦስት ፊደል ቅጥያ ይናገራሉ።

በእጁ ሊያየው የፈለገ አንባቢ ከሂንክስተኑ የቅንብር አድራሻ ይጀምር። በብራውዘርም ይከፈታል፤ ምዝገባ አይጠይቅም። ሥራ ሲያስገባ እውነተኛ ኢሜይሉን ይጻፍ፤ ችግር ሲፈጠር የሚያገኙት በእሱ ነው። በአንድ ጊዜ ከ30 ሥራ በላይ አይላክ፤ የቀደሙት ሳያልቁም ሌላ አይጨምር። ውጤቱንም ቶሎ ያውርድ፤ ከ7 ቀን በኋላ ይጠፋል።